የምስጋናው ቀይ ቀለም

ባለፈው እሑድ ልጄ ሰናይት ልብስ እያጠበች ሳለ ጮኸች። እኔ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ የገብስ ቆሎ እቆረጥም ነበር።

"ኧረ አባዬ፣ ና እይ! ጉድ ሆንኩ!"

ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ቀልቷል። ለጓደኛዋ ሠርግ ያሠሩት ካናቴራ፣ ደረቱ ላይ የሙሽሮቹ ስም በቀይ የተጻፈበት፣ ቀለሙን ለቆ የእኔን ነጭ ሸሚዝ ሮዝ አድርጎታል። እሷ የሠሩትን ሰዎች ትረግማለች። እኔ ውሃውን አየሁት። ለሸሚዜ ያዘንኩ መሰላት። ለሸሚዙ አልነበረም። በእፍኜ ዘገንኩና ወደ ብርሃን አዞርኩት።

"ቀለሙ ውስጥ ምን ጨምረውበት ይሆን?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቄ? ምንም ሳይጨምሩበት ነዋ የለቀቀው" አለችኝ።

ልክ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ያስለመደኝ ታላቅ ወንድሜ ምስጋናው ነው። ደርግ ለጦርነት ወሰደው፤ አልተመለሰም። መርዶው የመጣልን መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነበር፤ አብሮት የነበረ የቡግና ሰው ነው ያመጣው። ስለ ሞቱ የማውቀው ትንሽ ነው። ሰውየውንም አጥብቄ አልጠየቅሁትም። ስለ መጨረሻዋ ቀን ግን፣ ማለቴ እሱ ቤታችን ውስጥ ስለነበረባት ስለ መጨረሻዋ ቀን፣ ብዙ አውቃለሁ። የምጽፈው ያችን ነው። ቀጥ ብዬ መሄድ ካቃተኝ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ስለ እሱ ሳወራ ድሮም ይሰናከልብኛል።

ነሐሴ ሊያልቅ ነው። ፍልሰታ ተፈትቷል። በዚያ ወራት ላሊበላ ጠዋት ጠዋት አይታይም፤ ጉሙ ከአሸተን ማርያም ተራራ ወርዶ መንደሩን ይውጠዋል። ረፋድ ላይ ሲገፈፍ መጀመሪያ የሣር ክዳኖች፣ ቀጥሎ የድንጋይ ግድግዳዎች፣ በመጨረሻ ሰዎች ብቅ ይላሉ። ቤታችን ድርብ ነበር። ታች ምድጃውና ከብቱ፣ ላይ መኝታው። እኔ ላይኛው ቤት ተኝቼ ሳለ አንድ ቀዝቃዛ እርጥብ ነገር ፊቴ ላይ ዱብ አለ።

"ተነሥ አንተ ዲያቆን! ድስቱ ሲጠብቅህ አረጀ።"

ምስጋናው ነው። ፊቴ ላይ የጣለው ትናንት ያጠብነውን ካናቴራ ነበር። ዲያቆን የሚለኝ የቄስ ትምህርቱን ከመካከሉ ትቼ አስኳላ ስለገባሁ ነው፤ ሊያናድደኝ ሲፈልግ "ዲያቆን" ይለኛል፣ ሊያዝዘኝ ሲፈልግ በስሜ "ሲሳይ" ይለኛል።

"ያዘ?" አልኩት ገና ዓይኔን ሳልገልጥ።

"የታባቱ! ጥርግ ብሎ ሄደ።"

በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ "እንዴት አደራችሁ" የሚባል ነገር ቀርቶ ነበር። "ያዘ?" ነበር ሰላምታው።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ለአብዮት በዓል ሰልፍ የቀበሌው ወጣቶች ቀይ ኮከብ ያለበት ነጭ ካናቴራ ለብሰው እንዲወጡ ተወሰነ። ካናቴራዎቹ ከወልዲያ ተላኩ። መኪናው ክረምቱ የፈቀደለት ቦታ ድረስ መጣ፣ ከዚያ በኋላ በበቅሎ ተጫኑ። ቀበሌው ግቢ ውስጥ ማዳበሪያው ሲፈታ እኔም ቆሜ ነበር። አንዱ ወጣ፣ ነጭ። ሌላው ወጣ፣ ነጭ። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ የሰፈራችን ገበሬ ነው፣ አንዱን ይዞ ከፊት አየው፣ ከኋላ አየው፣ ገልብጦ ውስጡን አየው።

"ኮከቡ የት አለ?"

"እንጃ ጓድ ሊቀመንበር" አለ ባለ በቅሎው። "እኔ የተጫነልኝን ነው ያመጣሁ። ምናልባት ኮከቡ በሌላ በቅሎ ይሆናል የሚመጣው።"

የሳቀ ሰው አልነበረም። ማለት፣ ጮክ ብሎ የሳቀ።

ከዚያ አንዱ ወጣት ወደ ምስጋናው ጠቆመ። ወንድሜ በካናቴራ ላይ በመሣል የታወቀ ነበር። ለኳስ ቡድናችን ቁጥር የሠራው እሱ ነው፤ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብሮ፣ ጥቁሩን ወቅጦ፣ በሙጫ ለውሶ። እርግጥ ልጆቹ ሲያልባቸው ቁጥሩ ይወርድ ነበር። ሰባት ቁጥር ጨዋታውን አንድ ቁጥር ሆኖ ነው የጨረሰው። በራሱ ካናቴራ ላይ ደግሞ የውቅር ቤተ ክርስቲያኖቹን መስኮት ሥሎበት ነበር፤ መስቀል ቅርጹን፣ ከላይ የሚጠመዘዘውን ሐረግ። ገበያ ሲወጣ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ "ይህን ደግሞ ከየት ገዛኸው?" ይለዋል። "ቤቴ ነው የበቀለው" ይላል እሱ።

ሊቀመንበሩ ለብቻው ወሰደው። እኔ ከአጠገቡ ስላልተለየሁ የተባባሉትን ሰምቻለሁ።

"ኮከቡን ትሠራልናለህ። ግን ዝናብ ቢመታው ጠብ እንዳይል። ባለፈው ዓመት ጨርቁ ላይ የጻፍነው መፈክር በአውራጃ እንግዶች ፊት እንዴት እንደፈሰሰ አይተሃል። የበሬ ደም ነበር የሚመስለው። ያን ጊዜ እኔን ምን እንዳሉኝ እኔ ነኝ የማውቀው።"

"እሞክራለሁ ጓድ ሊቀመንበር።"

"መሞከር አይደለም። ከያዘልህ ኪነት ቡድኑ ውስጥ እጽፍሃለሁ። የኪነት ሰው እዚሁ ይፈለጋል፤ የትም አይሄድም።"

ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለገውም። የብሔራዊ ውትድርናው ኮታ ሊመጣ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ምስጋናው ዕድሜው ደርሷል። እናቴ ይህን ስትሰማ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ "እግዜር ይስጠው! ሰው በገመድ ይታሰራል፣ የኔ ልጅ በቀለም ይታሰርልኝ" አለች። እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ቀለሙ ከያዘ ወንድሜ ይቀራል። ከለቀቀ ይሄዳል።

እንዲህ ሲባል በፍርሃት የተቀመጥን እንዳይመስልባችሁ። አይደለም። ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ይኸ ነው፤ ደስ ብሎን ነበር። ምስጋናው አንድ ነገር "ለምን?" ብሎ ከጀመረ ፍርሃት አጠገቡ አይደርስም። "ለምንድን ነው አክርማ ቀለም የሚይዘው፣ ጥጥ የማይዘው?" ይልና እህል እንኳ አይበላም።

አክርማ ያለው በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ በአክርማ ሣር ሰፌድና መሶብ ትሰፋለች። ሣሩን የምታቀልመው ከገበያ በምታመጣው የዱቄት ቀለም ነው፣ ቀለም ከሚያስይዘው ከሸብ ድንጋይ ጋር አፍልታ። ቀይዋ እንደ በርበሬ ትቀላለች፣ ዓመት ሙሉ አትለቅም። እኛም መጀመሪያ የሞከርነው በዚያው ነበር። ካናቴራው ላይ ያምራል። ታጥቦ ሲወጣ ግን ሮዝ፣ ደግሞ ሲታጠብ ምንም። እናቴ ሳቀችብን።

"አክርማ ቀለም ይወድዳል። ጥጥ እኮ እንግዳ ተቀባይ ነው ልጆቼ፤ ይቀበልና መልሶ ይሸኛል።"

ከዚያ ያደረግነውን ስነግራችሁ እንዳትፈርዱብን። አባታችን መሪጌታ ነው፤ ሰው "የኔታ" ይለዋል። ብራና ይጽፋል፤ ቀለሙን ራሱ ነው የሚያዘጋጀው። ጥቁሩ ለሁሉም ነው። ቀዩ ግን ለእግዚአብሔር ስም፣ ለእመቤታችን ስም፣ ለቅዱሳን ስም ብቻ ነው። በትንሽ ቀንድ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ምስጋናው ከቀንዱ ቀንሶ ኮከብ ሣለበት። ቅርጹን ያወጣነውም አባታችን በጣለው የተበላሸ የብራና ቁራጭ ነው፤ መካከሉን በኮከብ ቅርጽ ቆርጠን፣ ካናቴራው ላይ አስቀምጠን፣ በክፍተቱ ቀለም መቀባት። ብልሃቱ ጥሩ ነበር። ብራና ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ግን የኔታ ቤት ያደግን ልጆች ልናውቅ ይገባን ነበር። ተጨማደደ፣ ተጠቀለለ። ኮከቡ እግሩን ዘርግቶ የሞተ እንቁራሪት መሰለ።

አባታችን የመጣው እዚያ ላይ ነው። እንቁራሪቱን አየ። ቀንዱን አየ።

"ይኸ የእመቤታችንን ስም የምጽፍበት ቀለም ነው?"

"አዎ አባባ" አለ ምስጋናው አንገቱን ደፍቶ።

"ኮከብ ሣልህበት?"

"አዎ።"

እኔ ወደ በሩ ቀስ እያልኩ ነበር። አባቴ ጎንበስ ብሎ ካናቴራውን በጣቱ ነካ።

"እና… ያዘ?"

"አልያዘም አባባ። ውሃ ሲነካው ሄደ።"

አባቴ ሲከፋው ታየኝ። ቀለሙ መሰረቁን የረሳ መሰለ። "እንዴት አይዝም? አያቴ በዚህ ቀለም የጻፈው ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ። እንደ ትናንት ነው የሚያበራው!"

"አባባ፣ ያንን ብራና ማን አጥቦት ያውቃል?"

አባቴ ለመቆጣት አፉን ከፈተ። ሳቅ ቀደመው። ጥምጥሙ እስኪፈታ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ እሱም ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ደጃፉ ላይ ሆኖ "ያዘ?" ይል ጀመር። ብራናው እንዳይጨማደድ ሰም ቀቡት ያለንም እሱ ነው፤ እንዳለው ሰም ስንቀባው ኮከቡ ቀጥ አለ። ቅርጹ ተገኘ። የቀረን ቀለሙ ነበር።

አሁን ወደዚያች ቀን ልመለስ።

ምስጋናው የገበያውን ዱቄት ትቶ ወደ መቅመቆ ዞሮ ነበር። መቅመቆ ሥሩ ሲቀቀል ቀይ ቡናማ ውሃ የሚያወጣ ቅጠል ነው፤ በየገደሉ አፋፍ ይበቅላል። ቅቤ ያነጥሩበታል፣ መድኃኒትም ነው ይላሉ። "ሲሳይ" አለኝ፣ በስሜ ጠርቶ፣ "ወደ አሸተን መውጫ ሂድና ሥር ቆፍረህ አምጣ። ወፍራም ወፍራሙን።"

ሄድኩ። ጉሙ እየተገፈፈ ነበር። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፣ ጠል ተሸክሞ ያጎነበሰ። ጭቃው እግር አይለቅም። አፋፉ ላይ ተንበርክኬ ስቆፍር እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ቆመው አዩኝ።

"የየኔታ ልጅ አይደለህም? ምን ትቆፍራለህ፣ ድንች ጠፋ እንዴ?"

"ቀለም ነው የምቆፍረው እናቴ።"

"ቀለም? ከመሬት?" አሉና እየሳቁ ሄዱ። "ተማሩ ተማሩ፣ እንግዲህ አፈር ቁፈራ!"

ስመለስ ፀሐይ ወጥታለች። ጓሮ ያለው ድስት ከጉልቻው ወርዷል። ምስጋናው ካናቴራውን ሳንቃ ላይ ወጥሮ፣ ኮከቡን ቀብቶ ጨርሶ፣ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ቀረብ ብዬ አየሁ። ከዚያ በፊት ከሠራነው ሁሉ የተለየ ቀይ ነበር። እንዴት ልበለው? የበሰለ፣ ወደ ውስጥ የገባ። ሌሎቹ ጨርቁ ላይ የተቀመጡ ነበሩ፤ ይኸኛው ከጨርቁ የወጣ ይመስል ነበር።

"እና ይህን ሁሉ ሥር ለምን አስቆፈርከኝ?"

"ለቀሩት። ይኸ በትናንቱ ሥር የተሠራ ሙከራ ነው።"

"ሽታው ሌላ ነው። ምን ጨመርክበት?"

"ነገ ጠዋት እናጥበዋለን። ከያዘ እነግርሃለሁ።"

"ካልያዘስ?"

"ካልያዘማ ምን ይወራል? የማይረባ ነገር አውቀህ ጭንቅላትህን ለምን ትሞላለህ?"

"ሸብ?" አልኩት። ሳቀ። "አመድ?" ሳቀ። "የግራር ልጥ? የበሬ ሽንት?" በሁሉም ሳቀ፣ በአንድ ዓይነት ሳቅ። ከሳቁ ምንም ማወቅ አልተቻለም።

"አሁኑኑ እንጠበው።"

"እማዬ ምን አለች? ቀለም ያድራል።"

እውነት ነው፤ እናቴ አክርማዋን ሁልጊዜ ታሳድረዋለች። ያላደረ ቀለም ሌባ ነው ትላለች፣ በሩ ሲከፈት ይሮጣል። ስለዚህ ካናቴራውን ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ እንጨት ላይ ሰቀልነው። ምሳ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ በላን። ምስጋናው እየበላ ዓይኑን ከኮከቡ አላነሣም። አንዴ "ሲሳይ፣ ቀይ ከያዘልን ሰማያዊ ደግሞ ከምን ይወጣል?" አለኝ። እኔ እንጃ አልኩት። "አንድ ነገር አለ፣ መኖርማ አለ" አለና ድንቹን እጁ ላይ ረሳው።

ከሰዓት በኋላ ጥሩምባ ተነፋ። ወጣቶች ለሰልፉ ዝግጅት ቀበሌ እንዲሰበሰቡ ነው የተባለው። እኔ ዕድሜዬ ለዚያ ስብሰባ አልደረሰም ነበር። ምስጋናው እጁን በአመድ ፈተገ፣ በውሃ ፈተገ፤ ጣቶቹ አልነጹም።

"እየው ዲያቆን! እጄን ይዞታል። እጄን ከያዘ ጥጡን ምን ያደርገዋል?"

"እጅህ እኮ ቆዳ ነው። ቆዳ ከሆነ ብራና ነው፤ አይቆጠርም" አልኩት።

"አንተስ መሪጌታ ሆነሃል" አለኝ። "ካናቴራውን ጭስ እንዳያገኘው አደራ።" ወጣ። መስኮት የሣለበትን ካናቴራ ነበር የለበሰው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልጻፈው። በረጅሙ አልችልም። ስብሰባ አልነበረም። ልጆቹ አዳራሹ ውስጥ እንደገቡ በሩ ከውጭ ተዘጋ፣ ወታደሮች መጡ። ሊመሽ ሲል በጓሮ በኩል አሰልፈው መኪናው ወደሚቆምበት ቦታ ወሰዷቸው። ወሬው ሲደርሰን እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታነሣ ሮጠች፣ አባቴ ተከተላት፣ እኔም። የደረስነው መንገዱ የሚታጠፍበት ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ወታደሮቹ አላሳለፉንም። ጭቃው ላይ ብዙ የእግር ዱካ ነበር፤ የትኛው የእሱ እንደሆነ ፈለግሁ። ሁሉም በረባሶ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

ሲነጋ ጎረቤት መምጣት ጀምሯል። አባቴ ደጅ መደቡ ላይ ተቀምጧል፣ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። እናቴ ምድጃው ሥር ናት። እኔ ካናቴራውን ከእንጨቱ አወረድኩት። ጠዋት እናጥበዋለን ተባብለን ነበር። ጠዋት ሆኗል።

እንዶድ ይዤ ከቤታችን በታች ወዳለው ጅረት ወረድኩ። ውሃው ድፍርስ ስለነበር ቀለም ቢለቅም አይታየኝም ብዬ ጠራ ያለ ቦታ እስካገኝ ወደ ላይ ሄድኩ። እንዶዱን ድንጋይ ላይ ወቀጥኩ። ካናቴራውን ነከርኩት። ዓይኔን ጨፍኜ አሸሁ። ስገልጥ አረፋው ነጭ ነው። ጨመቅሁት፤ የወጣው ውሃ ውሃ ነው። ደግሜ አሸሁት፣ ድንጋይ ላይ መታሁት፣ ኮከቡን ለብቻው በጥፍሬ ፈተግሁት። ምንም። ቀይ እንደሆነ አለ። ወደ ቤታችን ለለቅሶ የሚወጡ ሁለት ሴቶች ከላይ ሆነው አዩኝ። "ኧረ ይኸ ልጅ ምን ነካው? ቤቱ እሳት ገብቶበት ልብስ ያጥባል!" አለች አንዷ። ሰማኋት። ልነግራት ፈለግሁ፤ እንዴት ተብሎ ይነገራል?

ወደ ቤት አልተመለስኩም። ከነውሃው ይዤው ወደ ቀበሌ ሮጥኩ። ሊቀመንበሩ ብቻውን ነበር። ዓይኑ ያልተኛ ሰው ዓይን ነው። ካናቴራውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ ውሃው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ።

"ያዘ" አልኩት።

"ምኑ?"

"ቀለሙ። አልለቀቀም። በእንዶድ አጥቤዋለሁ፣ ይመልከቱት። ከያዘ ኪነት ውስጥ እጽፈዋለሁ ብለው አልነበረም? ይኸው ይዟል። ይጻፉትና ይመልሱልን።"

በአውራ ጣቱ ኮከቡን አሸው። አውራ ጣቱን አየ። ደግሞ አሸው፣ ደግሞ አየ። ያ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰውዬ በሹክሹክታ ነው የመለሰልኝ።

"ትእዛዙ ከኔ በላይ ነው የመጣው ልጄ። መኪናውም ሄዷል። አሁን ወልዲያ ደርሰዋል።"

እንዳለሁ ቆምኩ። እሱም ካናቴራውን አልለቀቀም።

"ጎበዝ ነው ወንድምህ" አለ። ከዚያ ወደ በሩ አየና ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። "በምን ሠራው? አንተ የቀሩትን ከሠራህ… አንተም እኮ ነገ ከነገ ወዲያ ትደርሳለህ። በእሱ ቦታ አንተን እጽፍሃለሁ።"

"አላውቀውም" አልኩት። እውነቴን ነው። ካናቴራውን ከእጁ ተቀብዬ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ነው ያሰብኩት፤ ድስቱ! ድስቱ ውስጥ ዝቃጩ አለ። እቀምሰዋለሁ፣ አሸትተዋለሁ፣ ምን እንደጨመረ እደርስበታለሁ። ሮጥኩ። ጓሮ ስደርስ እናቴ ቁጢጥ ብላለች። ድስቱ ከጎኗ ተደፍቷል። ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ አውጥታ በአመድና በአሸዋ ፈትጋዋለች። እንስራውን፣ ጣባውን፣ ድስቱን። ድስቱ ያበራ ነበር።

ፊቴን አየችው መሰለኝ። "እጄ ሥራ አጣ ልጄ" አለችኝ። "ምን ላድርገው?"

እሷ እርጥቡን ካናቴራ ክንዴ ላይ አየች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ኮከቡን ነካችው።

"ያዘ?" አለችኝ።

"ያዘ እማዬ።"

እናቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰችም ነበር።

እሷ ስታለቅስ እኔ፣ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ቤት ገብቼ የጎደለ ነገር መፈለግ ጀመርኩ። የሸቡ ቋጠሮ ተፈትቷል፤ ይኸ ግን ከዚያ በፊትም የተፈታ ሊሆን ይችላል። ከግራሩ ልጥ ተቀንሷል። ቅሉ ውስጥ ያለው አሬራ ሊያልቅ ደርሷል። ጎረቤት ያቀረበልኝን እህል ትቼ ቅሉን ሳሸት አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር።

እኔንም እንዳይወስዱኝ አባቴ ወዲያው ፍላቂት ያለች እህቱ ዘንድ ሰደደኝ። ሰልፉ እንዴት እንደሆነ አላየሁም፤ ኮከብ የሌለው ነጭ ለብሰው ወጡ ሲሉ ሰማሁ። እኔ እዚያው ፍላቂት ትምህርቴን ጨረስኩ፣ እዚያው ወለድኩ፣ እዚያው አረጀሁ። በየክረምቱ፣ መቅመቆው ሥሩ ሲወፍር፣ አንድ ቁራጭ አቡጀዲ ገዝቼ እሞክራለሁ። ልጆቼ የሽማግሌ ጨዋታ ይሉታል። በሸብ ሞክሬአለሁ። በአመድ ውሃ ሞክሬአለሁ። በግራር ልጥ፣ በሁለቱ፣ በሦስቱ፤ ሸቡን አስቀድሜ፣ ሸቡን አስከትዬ። አንዳንዱ ሁለት እጥበት ይቆያል። ከዚያ ይሄዳል።

ሰው የሞተበትን ሲያስብ መልኩ ይመጣበታል ይላሉ፣ ድምፁ። እኔ የምስጋናው መልክ እየጠፋኝ ነው፤ ፎቶግራፍም የለን። ያልጠፋኝ ጥያቄው ነው። ጥያቄው ሲመጣ እሱም አብሮ ይመጣል፣ እጁን አጣጥፎ ሳንቃው አጠገብ ይቀመጣል፣ ግምቴን ይሰማል፣ ይስቃል።

አሬራውን እስካሁን አልሞከርኩትም። በየዓመቱ ከቅሉ እቀዳና ድስቱ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ እጠጣዋለሁ።